ማኖቤላን ማን ይናፍቃል?

ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት አልፎ ሰው ሁሉ ወደየሥራው በተመለሰበት ሰሞን ከወልድያ ወደ ደሴ እየሄድን ነበር። መኪናው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ከተገዛ ሦስት ወር አልሞላውም፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተቀደደም። ጉዞው ግን የሽርሽር አልነበረም። አጎቴ ኩላሊታቸውን ታመው ደሴ ሐኪም ዘንድ ለስምንት ሰዓት ቀጠሮ ይዘዋል። ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተነሣን። «ቡና ጠጥተን፣ ምሳ በልተን ሁሉ እንደርሳለን» አለ የአክስቴ ልጅ፣ መሪውን እንደ ሕፃን ልጅ ራስ እየዳበሰ።

ስለ መኪናው ትንሽ ልንገራችሁ። ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ቁልፉን ኪስህ ውስጥ ይዘህ አንዲት ክብ ነገር ስትጫን ይነሣል። መሪው ላይ ብቻ አሥራ ስድስት መጫኛ ቆጥሬያለሁ። መሐል ላይ የትንሽ ቴሌቪዥን ያህል ስክሪን አለው፤ ሬዲዮውም፣ ቀዝቃዛ አየሩም፣ ካርታውም እዚያ ውስጥ ነው። ጣራው ይከፈታል። በር በደንብ ካልተዘጋ ይጮኻል፤ ቀበቶ ካልታሰረ ይጮኻል፤ ባጠገቡ ፍየል ስታልፍ ይጮኻል። በወሎ መንገድ ፍየል የማታልፍበት ደቂቃ ስለሌለ ከወልድያ እስከ ሲሪንቃ ሲጮኽ ነው የመጣው።

ሲሪንቃን እንዳለፍን፣ ከፊት የተቀመጡት አጎቴ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ከሥሬ እሳት ያለ ይመስለኛል» አሉ። የአክስቴ ልጅ ደንግጦ ዳር ያዘ። ኮፈን ተከፈተ፤ የመኪናው ሆድ ታየ፤ ጭስ የለም። በኋላ ሲገባን፣ አጎቴ ክንዳቸውን ሲያሳርፉ አንዲት መጫኛ ነክተው ኖሯል። የወንበር ማሞቂያ! ስዊድንና ካናዳ በረዶ ውስጥ ለሚኖር ሰው የተሠራ ማሞቂያ፣ በሀብሩ ቆላ አንድ የኩላሊት በሽተኛ ሽማግሌ እየጠበሰ ነበር። ሳቅን። አጎቴም ሳቁ። «የታመመ ሰው ወንበር ላይ እሳት የሚያነድ መኪና ገና ዛሬ አየሁ» አሉ።

ሳቁ መርሳ ላይ አለቀ።

መርሳ ከወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አራት ሰዓት ላይ ቡና ልንጠጣ ወረድን። ጠጥተን ስንመለስ መኪናው አልነሣ አለ። ስክሪኑ በእንግሊዝኛ «ቁልፉ አልተገኘም» ይላል። ቁልፉ የአክስቴ ልጅ እጅ ላይ ነው! አንድ ጊዜ በቀኙ፣ አንድ ጊዜ በግራው፣ አንድ ጊዜ ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ አሳየው። መኪናው ቁልፉን አላየሁም ብሎ ገገመ። ባለቤቱን ሊያውቀው አልቻለም።

መርሳ ጎበዝ መካኒክ አታጣም። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ስንትና ስንት ዓይነት የጭነት መኪና ተሰብሮባት ተጠግኖባታል። የጠራናቸው መካኒክ የፊያት ሞተር ፈትተው ሲገጥሙ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው አዩ። ሞተሩ ከላይ በጥቁር ፕላስቲክ ተሸፍኗል። «ይሄ ሞተር ነው ወይስ ሻንጣ?» አሉና ቀስ አድርገው መልሰው ዘጉት። ባትሪውን ለኩ፤ ደህና ነው። ከቡና ቤቱ የወጡ ጎረምሶች «እንግፋው!» አሉ። የወሎ ሰው መኪና ለመግፋት አይለመንም። ግን ማርሹ ተቆልፏል፤ ጎማው አልንቀሳቀስ አለ። መኪናውን ወደሸጠው ድርጅት ስልክ ተደወለ። ከብዙ «ይጠብቁ» በኋላ የተሰጠን መልስ፣ «በሎቤድ ጭናችሁ አዲስ አበባ አምጡት» የሚል ነበር። 490 ኪሎ ሜትር!

ቡና አፍዪዋ «አብሽሩ፣ ያልፋል» እያሉ ለአጎቴ ከዛፍ ጥላ ሥር ወንበር አወጡላቸው። እኔም የምሠራውን ሳጣ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ የቀኝ እጃቸውን አንጓ ማየት ጀመርኩ። የአጎቴ አንጓ ጠማማ ነው። ልጅ ሆነን እንፈራው ነበር።

ታሪኩን ደጋግመው ነግረውናል። በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ከጣሊያን ዘመን በተረፈ አሮጌ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ። አንድ ጠዋት ውርጌሳ ላይ፣ ብርድ ያደረበትን ሞተር በማኖቤላ ሊያስነሡ ሲታገሉ ማኖቤላው መልሶ መታቸው። አንጓቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሸላቸው፤ ዳነ፤ ግን ጠሞ ቀረ። ማኖቤላን ለማያውቁ ወጣት አንባቢዎቼ፦ ከመኪናው አፍንጫ የሚሰካ የብረት እጀታ ነው። ሞተሩ በሰው ጉልበት የሚዞረው በእሱ ነበር። ሞተሩ እሺ ሲል ደስ ይላል፤ ቀድሞ ሲተኩስ ግን እጀታው በኃይል ወደ ኋላ ይመለሳል። በዓለም ዙሪያ የስንቱን ሹፌርና ረዳት እጅ እንደ ሰበረ ለማወቅ፣ ሐኪሞች አንድን የአንጓ ስብራት እስከ ዛሬ «የሹፌር ስብራት» እያሉ እንደሚጠሩት መስማት ይበቃል።

ማኖቤላን ያስቀረው ሞተሪኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ መኪና ቻርለስ ኬተሪንግ የሠራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ገጥሞ ገበያ ወጣ። ጉልበት ስለማይጠይቅም ለብዙ ሴቶች የመኪናን በር ከፈተ። ዛሬ «የመኪና ትርፍ ጌጥ» እያልን ስናማ፣ ሞተሪኖም በጊዜው ከጌጥ ወገን የሚቆጥረው ሰው እንደማይታጣ ማሰብ አለብን። ማኖቤላው እያለ ሞተሪኖ ለምኔ የሚል፣ ከጉልበቱ ጋር የተስማማ ሰው የትም አለ። ታዲያ ትርፉን ከቁምነገሩ በምን እንለየው? ያን ቀን መርሳ ላይ አምስት ሰዓት ስለተሰጠኝ፣ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሬ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ።

መኪና አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና መንገድ በሌለበት አገር እየነዳም እያስጎተተም አዲስ አበባ አደረሳት፤ ዐፄ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ብዙም ሳይቆይ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ መኪና አመጣ። በዚሁ ምክንያት፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ሄዱ። እዚያው ሳሉም ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሹፌሮቻችን አንዱ፣ ከመጀመሪያዎቹ በሸክላ ከዘፈኑት ኢትዮጵያውያንም ቀዳሚው ናቸው። መኪናና ዘፈን ወደ እኛ የመጡት በአንድ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። ሹፌሮቻችን ቴፕ ካልከፈቱ መንገዱ አይሄድላቸውም ብላችሁ የምታማርሩ ሰዎች፣ ነገሩ ሥር አለው።

አሜሪካኖቹ ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሸክላውን ራሱን መኪናው ውስጥ ከተቱት! እ.ኤ.አ. በ1956 ክራይስለር አንዳንድ መኪናዎቹ ላይ የሸክላ ማጫወቻ ገጥሞ ሸጧል። በዝግታ የሚዞር፣ ለብቻው የተሠራ ሸክላ ነበረው፤ ሌላውን ሸክላ አይቀበልም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቀረ። በአስፋልት ላይ መርፌው እየዘለለ ካስቸገረ፣ በእኛ ኮረኮንች ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው ገምቱት።

ወደ ወሎ እንመለስ። ወሎ መኪናን በብዛት ያየችው በክፉ ቀን ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ደሴን ከያዘ በኋላ ከአንድ ሺህ ተኩል በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ገሰገሰ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ገባ። በአምስቱ ዓመት ወረራ ከአስመራ በመቀሌ፣ በአላማጣ፣ በቆቦ፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ ተሠራ። ወራሪው ሲባረር መንገዱ ቀረ፤ አሮጌ መኪናዎቹ ቀሩ፤ ቃላቱም ቀሩ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ክሪክ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ታርጋ፣ ቦሎ... ማኖቤላም ከዚያው ወገን ነው።

እነዚህን ቃላት አንድ የሚያደርጋቸው ምን መሰላችሁ? አብዛኞቹ በእጅ የሚያዝ ነገር ስም ናቸው። ፊደል ያልቆጠረ ረዳት ባሌስትራ ሲሰበር ባሌስትራ ነው ብሎ ጠርቶ፣ ፈትቶ፣ አስበይዶ ይገጥም ነበር። ስሙን ስላወቀ ነገሩን ያዘው፤ ነገሩን ስለያዘ ስሙን አማርኛ አደረገው። የአሁኑን መኪና ስንት ነገሩን በስሙ እንጠራለን? ለሁሉም ያለን ስም አንድ ነው፤ «ሴንሰር»። ሲበላሽ «ሴንሰሩ ነው» እንላለን፤ «የትኛው?» ሲባል ዝም።

ስለ ረዳት ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ በትልቅ ዋጋ የምንገዛቸው ብዙዎቹ የመኪና ብልሃቶች ድሮ ሰው ነበሩ። ዳገት ላይ ስትቆም ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት የሚይዝ መሣሪያ አለ ይሉናል። በአጎቴ ዘመን እሱ ረዳቱ ነበር። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ሲያቃስት ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዘሎ ይወርዳል፤ መኪናው ስንዝር ወደፊት ባለ ቁጥር ታኮውን ከኋላ ጎማ ሥር ይሰነቅራል። እንዲህ እያለ ዳገቱን በእግሩ ይጨርሰዋል። የኋላ ካሜራም ረዳቱ ነበር፤ «ና! ና! ና! በቃ!» እያለ ያስገባል። የጎማ ንፋስ መለኪያውም እሱ ነው፤ በክሪክ እጀታ መታ መታ አድርጎ በድምፁ ያውቃል። ስለዚህ የመኪና መሣሪያ ታሪክ ማለት፣ ግማሹ ረዳቱ ቀስ በቀስ ከመኪናው የወረደበት ታሪክ ነው።

ታዲያ ይህ መጥፎ ነው? በታኮ ምክንያት ጎማ ሥር ጣቱን ያስቀረ ረዳት ካያችሁ መጥፎ ነው አትሉም። ከወልድያ በድልብ ወደ ጋሸና የሚያወጣውን፣ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩትን ዳገት የምታውቁ ደግሞ ዳገት ላይ የሚይዝ መሣሪያ ቅንጦት ነው ለማለት አፋችሁ አይከፈትም።

የደህንነት ቀበቶም እንዲሁ ነው። ኒልስ ቦህሊን የተባለ የቮልቮ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ሦስት ቦታ የሚይዘውን ቀበቶ አወጣ፤ ኩባንያውም ሌሎች መኪና ሠሪዎች ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። እኛ አገር ግን ቀበቶ ለስንት ዓመት የትራፊክ ፖሊስ ሲታይ በእጅ የሚያዝ፣ ፖሊሱ ሲታለፍ የሚለቀቅ ነገር ሆኖ ኖረ። ከቀበቶው ጀርባ ያለውን ብረት ብቻ ገዝቶ ሰክቶ መኪናውን ከጩኸት የሚያሳርፍ ሰውም አውቃለሁ። ነፍስ የሚያድነውን አታለን፣ የዳሽቦርድ ጸጉራም ልብስ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ሦስት ዓይነት ዜማ ያለው ክላክስ በገንዘባችን ገዝተን እናስገጥማለን። ስለዚህ ትርፍ ነገር የሚወዱት ፈረንጆች ብቻ ናቸው አንበል።

የሚገርመው የአንዳንዱ ብልሃት አነሣሥ ነው። መኪናውን በአንድ ፍጥነት እያስኬደ እግርህን የሚያሳርፍልህን መሣሪያ የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር የተባለ ዓይነ ስውር አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ክራይስለር መኪና ላይ ወጣ። ለአሜሪካ ቀጥ ያለ መንገድ ጥሩ ነው። ከመርሳ እስከ ወልድያ ግን አህያው፣ ባጃጁ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ፣ ግመሉ፣ ፍየሏ እያሉ አንድ ፍጥነት የሚባል ነገር የለም። የአክስቴ ልጅ መኪና ይህ መሣሪያ ነበረው። ከአዲስ አበባ ወልድያ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተጠቀመበት ጠየቅኩት። «አንድ ጊዜ፤ ለመሞከር» አለኝ። መሣሪያው መጥፎ ሆኖ አይደለም። አገሩ ሌላ ነው።

አገሩ ሌላ ነው ስል መንገዱን ብቻ ማለቴ አይደለም። ይኸው ከወልድያ ደሴ የሚወስደው መንገድ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬዎች በረሃብ ወጥተው፣ ዳር ዳሩን ተሰልፈው፣ መኪና እያስቆሙ የሚላስ የሚቀመስ የለመኑበት መንገድ ነው። በ1977ም የእርዳታ እህል ጭነው የተመላለሱት ያው የጭነት መኪኖች ናቸው። እነ ኤንትሬን የወሎ ሰው የሚያስታውሳቸው በወንበራቸው ልስላሴ አይደለም። አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ መድረስ። ተሰብረውም ይደርሳሉ፤ ቢቆሙም መርሳ ወይም ውርጌሳ ላይ የሚያስነሣቸው አይጠፋም። እዚህ አገር መኪና ማለት ወላድ ማድረሻ፣ እህል ማድረሻ፣ በሽተኛ ማድረሻ ነው። ካላደረሰ ምንም ቢያበራ፣ ምንም ቢያዜም ቆርቆሮ ነው።

በራሳቸው በሠሪዎቹ አገርም ጥያቄው ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት አሥራ አንድ አዳዲስ መኪኖችን ከአንድ የ2005 ቮልቮ ጋር አወዳደረ። ሹፌሩ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዳ፣ ሬዲዮ መቀየርን፣ ሙቀት ማስተካከልን የመሰሉ ቀላል ሥራዎች እንዲሠራ ተደረገ። በአሮጌው ቮልቮ፣ በሚዞርና በሚጫኑት ነገር፣ አሥር ሴኮንድ በቃው። በስክሪን ከሚታዘዙት መካከል በመጨረሻው 45 ሴኮንድ ገደማ ፈጀበት። በዚያ ፍጥነት ይህ ከ1,300 ሜትር በላይ ነው፤ አንዲት ትንሽ ከተማ ከመግቢያዋ እስከ መውጫዋ፣ ዓይንህን ከመንገድ እየነቀልክ እንደ መሄድ። ከዚህ በኋላ በአውሮፓ መኪኖችን ለደህንነት የሚፈትነው ድርጅት፣ ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻን፣ ክላክስን፣ የዝናብ መጥረጊያንና የአደጋ መብራትን የመሳሰሉት በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ ከሌላቸው ሙሉ ነጥብ እንዳይሰጥ ወሰነ። የሚገርም ነው፤ ዓለም ዞሮ ዞሮ መጫኛ ይሻላል አለ።

የባሰውን ደግሞ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቢኤምደብሊው በአንዳንድ አገሮች፣ መኪናው ውስጥ የተገጠመውን የወንበር ማሞቂያ በየወሩ ካልከፈልክበት እንዳይሠራ የሚያደርግ አሠራር ጀመረ። ሰው ሲያማርር በዓመቱ ተወው። የገዛኸው ወንበር፣ የገዛኸው መኪና ውስጥ፣ ኪራይ ሲጠይቅህ አስቡት! ያኔ የገባኝ ነገር አለ። ሞተሪኖ የተሠራው ክንዱ ለሚሰበረው ሰው ነው። ቀበቶ የተሠራው ግንባሩ መስተዋት ለሚመታው ሰው ነው። ታኮን የተካው መሣሪያ ዳገት ላይ ለሚንቀጠቀጠው ሹፌር ነው። ይኼኛው ግን ለማን ተሠራ? ለሻጩ።

እንግዲህ መርሳ ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ያወጣሁት መለኪያ ይኼ ነው፤ ሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ይህ ነገር የማንን አካል ወይም ነፍስ ይጠብቃል? ሁለተኛ፣ እሱ ቢበላሽ መኪናው ይሄዳል ወይስ ይቆማል? ሦስተኛ፣ መርሳ ላይ ይጠገናል? ሦስቱንም ያለፈ ቁምነገር ነው። ሦስቱንም የወደቀ ጌጥ ነው። ጌጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ የፕላስቲክ አበባው መኪና አቁሞ አያውቅም። አደገኛው ጌጥ ሆኖ ሳለ የመኪናውን ጉሮሮ የያዘው ነው።

ይህን ጥያቄ ዛሬ በብርቱ እንድናነሣው የሚያስገድድ ነገር መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዓለም የመጀመሪያው ውሳኔ ተባለ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ እየገዛ፣ መብራት ግን ከወንዙ ለሚያመነጭ አገር ሐሳቡ መልካም ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በባሕርዩ ቀላል ነው፤ ካንዴላ የለው፣ ማርሚታ የለው፣ ዘይት ቅያሬ የለው። ከድልብ ወደ ወልድያ ቁልቁል ሲወርድ እንኳ ፍሬኑ ራሱ ባትሪውን ይሞላዋል፤ የወሎን ቁልቁለት ወደ ጥቅም የቀየረ ብልሃት ከዚህ በፊት አላየሁም። ነገር ግን ይኸው ቀላል መኪና በስክሪን ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው የመጡ አንዳንዶቹ እንዲያውም የሚናገሩት በቻይንኛ ነው።

ወልድያ በነሐሴ 2013 በጦርነቱ ከተያዘችበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ መብራትም፣ ስልክም፣ ባንክም ሳይኖራት እንደኖረች የምናውቅ ሰዎች ነን። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። «ኔትወርክ የለም» ሲባል ሥራውን የሚያቆም መኪና እንዲህ ላለ ቀን አይሆንም። የኤሌክትሪክ መኪና አይምጣ አላልኩም። ሲመጣ ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ፣ በእጅ የሚከፈት በር፣ መርሳ ያለው መካኒክ የሚማርበት ትምህርት አብሮት ይምጣ ነው የምለው። ነጋድራስ ተሰማ ከመኪናው ጋር ሙያውን ሊማሩ የሄዱት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ የገባን ነገር ዛሬ እንዴት ይጠፋናል?

ወደ መርሳ ልመልሳችሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ሞባይል የሚጠግን አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግርግሩን አይቶ መጣ። ቁልፉን ተቀብሎ አገላበጠው። በጥፍሩ ፈልቅቆ ከፈተው። «ባትሪው ሞቷል» አለ። ሱቁ ሄዶ የሳንቲም ያህል ባትሪ ይዞ መጥቶ ከተተባት። የአክስቴ ልጅ ተጫነ፤ መኪናው ተነሣ። መካኒኩ ራሳቸውን ያዙ። ልጁ የጠየቀን አርባ ብር ነው። ስንትና ስንት መቶ ሺህ ብር የወጣበት መኪና በአርባ ብር ዕቃ አምስት ሰዓት ያህል ቆሞ ዋለ።

ደሴ ስንደርስ ሐኪሙ ሄደዋል። አልጋ ይዘን አደርን። አጎቴ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስቱ አደሩ፤ ሕመሙ ዓይናቸውን አላስከድን አለ። ያቺን ሌሊት አልረሳትም። በማግስቱ ታዩ፤ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ተሻላቸው። ያረፉት ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው፤ ወልድያ የደረሰባትን ሳያዩ።

በዚያች ሌሊት፣ ሕመሙ ትንሽ ጋብ ሲልላቸው፣ ላጫውታቸው ብዬ፣ «ጋሼ፣ የድሮው መኪና አይሻልም ነበር? ማኖቤላ ይዞ ማስነሣት ነው፤ ምን ስክሪን፣ ምን ቁልፍ አለበት?» አልኳቸው።

ጠማማውን አንጓቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና አሳዩኝ። «ማኖቤላን የሚናፍቅ ማኖቤላ ያልመታው ሰው ነው» አሉ።

ትንሽ ዝም አሉና፣ እጃቸውን መልሰው እየሸፈኑ እንዲህ አሉ፦

«ግን አንድ ነገር አለ ልጄ። ማኖቤላ ሲመታኝ፣ የመታኝ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር።»